አክስቴ ለእኔ ያላሉት እሹሩሩ

ትናንት ኮምቦልቻ ላይ ድንገተኛ ዝናብ ጣለና የልጄን ሹራብ አበሰበሰው። አውልቄ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ በእርጥብ ሱፍ ሽታ ሲሞላ፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቆሜ ቀረሁ። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቂው የለ፤ እዚህ ሹራብ የሚለብስ ብዙ ሰው የለም፣ ልጅቷም የለበሰችው ደሴ ደርሳ ስለመጣች ነው። ይህ ሽታ የደሴ ነው፤ የሆጤ ሰፈር ሕፃናት ሽታ። እና ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶም ሲሸተኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ናፍቆት አይደለም፤ ቅናት ነው። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነኝ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ሆጤ ውስጥ በአንዲት ትንሽ መዋለ ሕፃናት አስተምር ነበር። ጠዋት ልጆቹ በጉም ውስጥ መጥተው ሲደርሱ ሹራባቸው ውኃ ያዘለ ነበር፤ መስኮቱ ሥር እናሰጣዋለን፣ ክፍሉ በግ በግ ይሸታል። ከምሳ በኋላ ሁሉም ይተኛሉ። እያንዳንዱ የራሱ ምንጣፍ አለው፤ ደስ ያለው ቦታ ያነጥፋል። ደስ የሚላቸው ደግሞ እኔ አጠገብ ነበር። እሹሩሩ የምላቸው እኔ ነኛ! ድምፄ ያን ያህል ባይሆንም እየተጋፉ ነበር የሚተኙት። አንዷማ ቀሚሴን ካልጨበጠች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

እንግዳዋ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ከእስራኤል የመጣች አይሁዳዊት ናት። ሥራዋ ሕፃናትን የወገኖቿን እሹሩሩና የልጆች ዜማ ማስተማር ነበር። ወገኖቿ በየአገሩ ተበትነው የኖሩ ናቸውና ዜማቸው የአንድ ቋንቋ አይደለም፤ በዕብራይስጥ አለ፣ የአውሮፓ አይሁዶች በሚናገሩት በይዲሽ አለ፣ ከስፔን የተሰደዱት ይዘውት በሄዱት በላዲኖ አለ፣ የእናቷ ዘመዶች በሚያወሩት በየመን ዐረብኛም አለ። አማርኛውን ደግሞ ከጎንደር ከሄዱ ጎረቤቶቿ ለምዳዋለች። ኃላፊያችን "የልጆቹ ጆሮ ይከፈት" ብላ ተቀበለቻት። እኔም ፈገግ ብዬ ተቀበልኳት። ምን ልትቀማኝ ትችላለች ብዬ!

ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እንደ ፈረስ ታስጋልባቸዋለች፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ እየያዘች ለየጣቱ ትዘፍናለች። የነጋዴው ልጅ፣ የቄሱ ልጅ፣ ሁሉም በማያውቁት ቋንቋ አፋቸውን ሞልተው ይቀበሏታል። ብዙም ሳይቆይ ምንጣፎቹ መሸሽ ጀመሩ። መጀመሪያ ዳር ዳር ያሉት፣ ቀጥሎ መሀለኞቹ ወደ እሷ ጥግ ተሳቡ። በመጨረሻ ያቺ ቀሚሴን የምትጨብጠው ልጅ ምንጣፏን እየጎተተች በፊቴ አለፈች። "ቲቸር፣ ዛሬ ብቻ" አለችኝ። ዛሬ ብቻ! የእኔ እመቤት እንግዳዋ እስክትሄድ አልተመለሰችም። ጭራሽ አንድ ቀን እንግዳዋ በጎንደር አማርኛ እሹሩሩ ብላ አስተኛቻቸው። የገዛ ራሴን ሥራ፣ በገዛ ቋንቋዬ! ዓይኔ ደም ለበሰ።

ይህ ሳያንሰኝ ቤቴም ገባች። እናትና አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ የአባቴ እህት ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸውና። ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። አባታቸው፣ የእኔ አያት ማለት ነው፣ ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። እንግዳዋ ከአክስቴ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየችና ማታ ማታ ማዕዳችን ላይ ትቀመጥ ጀመር።

መቼም የወሎን ነገር ታውቂያለሽ። ክርስቲያን ጎረቤት ሲጠራ ለእሱ የሚሆነው በግ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል፤ እነሱም ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። እሷ ግን ከሁለቱም የለችበትም። አክስቴ "የማንን ሥጋ ነው የምትበይው?" ብለው ቢጠይቋት፣ "የማናችሁንም አልበላም" ብላ ሳቀች። ይሄኔ አክስቴ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሥጋውን ከቤት አስወጡት! "እንግዳ እያየን አንበላም፤ ነውር ነው" አሉና እሷ እስክትሄድ ማዕዳችን ምስርና ሽሮ ሆነ። ለእኔ ብለው ቃሪያ እንኳ ትተው አያውቁም።

ደግሞ ድፍረቷ! እኔ ያሳደጉኝን ሴት እርስዎ እላለሁ። እሷ በዚያ ባልበሰለ አማርኛዋ "አንቺ፣ ነይ፣ ተቀመጪ" ትላቸዋለች። እኔ ብሆን ኩርኩሙ አናቴ ላይ ነበር፤ ለእሷ ግን እየሳቁ "እሺ ልጄ" ይሏታል። እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን መዳብ ነው ይባላል። የእሷ ወርቅ ግን ከቀን ወደ ቀን ባሰበት።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ተራራ አዘንብላለች። ከሥራ ስመለስ ከአክስቴ ክፍል ዜማ ሰማሁ። ሁለት ድምፅ ነው። አንዱ የእንግዳዋ ነው፤ ሌላውን፣ ያንን ሻካራና ዝቅ ያለ ድምፅ፣ አላወቅሁትም። መጋረጃውን ገለጥ ባደርግ አክስቴ! ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭናቸውን ቸብ ቸብ እያደረጉ በዐረብኛ ያንጎራጉራሉ። ግመሎቹ ከተራራው እስኪወርዱ ተኛ፣ ዘቢብ ጭነው ይመጡልሃል የሚል ነገር ነው፤ ኋላ እንግዳዋ ፈታችልኝ። የእሷ አያት ሰንዓ ላይ ለእናቷ ያሉት፣ የእኔም አያት ደሴ ላይ ለአክስቴ ያሉት ይህንኑ ዜማ ነው። አይሁዱም እስላሙም የመን ውስጥ ልጁን የሚያስተኛው በዚያው ነበር። እንግዳዋ ስንኝ ስትስት አክስቴ ያቀብሏታል። እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ይስቃሉ።

እኔስ? እናቴን ብዬ ሳለቅስ "አብሽሪ ልጄ" ብለው ስኳር ያቀምሱኝ ነበር እንጂ አንድም ቀን እሹሩሩ ብለውኝ አያውቁም። እስከዚያ ቀን ዜማ የማያውቁ ሴት ይመስሉኝ ነበር።

እንግዳዋ ወደ ክፍሏ እንደሄደች አላስቻለኝም።

"ለእኔ ለምን አላሉኝም?"

"ምኑን?"

"እሹሩሩውን ነዋ!"

ሻርፓቸውን አስተካከሉ። "ልጅ ሆኜ" አሉ፣ "በዐረብኛ ባንጎራጎርኩ ቁጥር የሰፈሩ ልጅ 'የዐረብ ልጅ፣ አገርሽ ግቢ' ይለኝ ነበር። አገሬ ሆጤ! የት ልግባ? አንቺንም እንዳይሉሽ ብዬ አፌን ዘጋሁ።"

"ለእሷስ?"

"እሷማ መንገደኛ ናት። አንቺ ግን እዚሁ ኗሪ ነሽ።"

"እንግዲያው አሁን ይበሉኛ!"

"ሂጂ አቦ!" ብለው ሳቁ። "ለትዳር የደረሰችን ልጅ እሹሩሩ ብል ጎረቤት ምን ይለኛል?"

እሳቸው ስቀው ጨረሱት፤ እኔ ግን ማታውን ራት አልበላሁም።

እንግዳዋ ሄደች። አክስቴ ሚኒባሱ ድረስ ሸኝተው፣ አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። ምንጣፎቹ ተመለሱልኝ፤ ልጆቹ ግን እያንቀላፉ የእሷን ዜማ ነበር የሚያንጎራጉሩት። እኔም ዓመቱ ሲያልቅ አግብቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ይህችን ልጄን ስወልድ አክስቴ ሱቃቸውን ቆልፈው ሊያርሱኝ መጡ። በደሴ ብርድ የኖሩ ሰው በኮምቦልቻ ሙቀት ሲያልባቸው፣ "ይሄም አገር ነው?" እያሉ ገንፎዬን ያገነፋሉ። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ጣሪያው በፀሐይ ቋ ቋ እያለ፣ እኔ ጋደም ብያለሁ። ሕፃኗን ታቅፈው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ያን ዜማ ጀመሩ።

ምን አለፋሽ፣ በገዛ ልጄ ቀናሁ። ገና የሳምንት ፍጥረት፣ ዓይኗ እንኳ በቅጡ ያልተገለጠ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያላገኘሁትን በነፃ ታገኛለች! ተናድጄ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ግመሎቹ ወረዱ፣ ዘቢቡ መጣ፣ ዜማው አለቀ። አክስቴ ሕፃኗን ቀስ ብለው ከጎኔ አስተኟት፤ ትንፋሿ ክንዴ ላይ ይሰማኛል። ከዚያ አልተነሡም። ዜማውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

"ልጅቷ እኮ ተኝታለች" አልኳቸው፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።

"አይቻታለሁ" አሉና፣ ፀጉሬን እየደባበሱ ቀጠሉ።