ፊቱ ሳይሣል የቆየው ሰው

አባ ኪሮስ ዘንድ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሮለሬን ይዤ ብሄድ ሳቁብኝ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ቀለም መቀቢያ ነዋ፣ አባ! አንድ ቤት በቀን እጨርስበታለሁ።"

"እኛ በቀን አንድ ጣት ከጨረስን ተመስገን ነው" አሉ።

ጊዜው በስደት በምንኖርባት ከተማ ኦይሉ፣ የነዳጁ ሥራ፣ የጦፈበት፣ ሲቲስኬፕ የሚባለው ሰፈር ገና ጭቃ የነበረበት ነው። እኔ አዳዲስ ቤት የምቀባ ሴት ነበርኩ። አባ ብዙ ዘመን ዋሻ ውስጥ ብቻቸውን የኖሩ መነኩሴ ናቸው፤ ያኔ ካስልሪጅ ሰፈር አንድ ቤዝመንት ውስጥ ሆነው ለቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ሥዕል ይሥላሉ። ረዳት ሲፈልጉ ሰዎች እኔን ጠቆሟቸው።

መጀመሪያ ሸራውን ሙጫና ጄሶ ቀብቶ ማድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ቀጥሎ በከሰል መንደፍ፣ ከዚያ መደቡና ልብሱ። ፊት ወደ ኋላ ይቆያል፤ ዓይን የመጨረሻ ነው። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሥዕሉን ያሣለው ምእመን ደግሞ ከግርጌ ተደፍቶ ሲሰግድ ይሣላል።

የአቡዬን ሥዕል ያሣሉት ጋሽ ተስፋይ ነበሩ፤ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ከከተማው ወደ ሰሜን ርቆ ባለ የኦይል ካምፕ የሚሠሩ ዌልደር፣ በያጅ። አቡዬ በረሃ ውስጥ ብቻቸውን፣ ገላቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ በአንበሳና በነብር መሀል ቆመዋል። "እኛም ካምፕ እንደዚሁ ነን፤ ጽድቁ ነው የጎደለን" ብለው ጋሽ ተስፋይ ቀለዱ።

ከግርጌ የነደፍኩላቸውን ምስል ሲያዩ ግን ቀልዱ ቀረ።

"አባ፣ እኔን በአንድ ዓይን ይሣሉኝ።"

ክው አልኩ። "ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እሱ እኮ ለይሁዳ ነው!"

"ለእኔም ይገባኛል። ወንድሜ ያዕቆብ ጴንጤ ሆነ ብዬ ተጣላሁት። የእናታችንን መርዶ ሰምቶ አብረን እናልቅስ ብሎ ቢመጣ በር ዘጋሁበት። ይኸው ስንት ዓመት።"

እኔ ደንበኛ ነጭ ካለ ነጭ፣ ግራጫ ካለ ግራጫ መቀባት የለመድኩ ነኝ። "እንግዲህ ካሉ እንሣላቸው" አልኩ። አባ ተቆጡ።

"ፊቱን ተይው! ባዶውን ይቆይ።" ወደ ጋሽ ተስፋይ ዞሩ። "ወንድምህ ሞቷል?"

"ኧረ አለ! እዚሁ ከተማ፣ ኮራል ስፕሪንግስ ነው ቤቱ።"

"ታዲያ ራስህን ለመኮነን ምን አስቸኮለህ?"

"ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ፣ አባ። እርስዎስ ዋሻ አልነበሩም?"

"ዋሻ የገባሁት ሰው ጠልቼ መሰለህ? አቡዬም በረሃ ሆነው ሲለምኑ የኖሩት ስለ ሰው ነው።"

ጋሽ ተስፋይ ሺፍታቸው ደርሶ ወደ ካምፕ ተመለሱ።

ከዚያ ኮል እያደረጉ ስለ ሥዕሉ ይጠይቁኝ ጀመር። አንድ ቀን አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ ለእኔ የሚደውሉትን ለወንድምዎ ቢደውሉስ?"

"ባያነሳልኝስ?" አሉኝ። ያን የሚያህል ሰው እንደዚያ ሲፈራ አንጀቴን በላው።

ሸራው የሚለጠፍበት ቀን ደረሰ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ አየና ጮኸ። "አባ፣ ፊት የሌለው ሰው ልትለጥፉ ነው? ሕዝቡ ምን ይላል?"

"ሕዝቡ ይጠብቃል" አሉ አባ፣ ሙጫቸውን እያማሰሉ።

እኔ መሰላሉን ሳቆም ጋሽ ተስፋይ ገቡ። ከኋላቸው እሳቸውን ቁርጥ የሚመስል፣ የሥራ ቱታ የለበሰ ሰው አለ። ያዕቆብ ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል።

ያዕቆብ በሩ ላይ ቆመ። "አባ፣ ቅር አይበልዎት፤ እኔ ለሥዕል አልሰግድም።"

"ስገድ ያለህ ማን ነው? ና ያንን ጫፍ ያዝ፣ ሙጫው ሊደርቅ ነው!"

አንዱን ጫፍ ያዕቆብ፣ አንዱን ጋሽ ተስፋይ ይዘው፣ እኔ መሀሉን እየዳበስኩ ለጠፍነው። ከዚያ አባ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የጋሽ ተስፋይን ፊት ሣሉ። ሁለቱንም ዓይን።

ያዕቆብ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "አፍንጫህንማ አሳምረውልሃል" አለ። ጋሽ ተስፋይ ሲስቁ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እየሳቁ ወንድማቸው ትከሻ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ!

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ብሩሽ ለምትይዙ የምለው ይህን ነው፦ ራሱን ኮንኖ የመጣ ደንበኛ ያዘዛችሁን ቶሎ አትሣሉ።