ሁልዳ የሰፋቻት ምልክት

በካናዳዋ የብሬደን መንደር ከሁልዳ ፔቲግሩ ቀድማ ካልሲ ሠርታ የምትጨርስ ሴት አልነበረችም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የሹራብ መርፌዎቿ አርፈው አያውቁም፤ ባሕር ማዶ ለሚዋጉት የካናዳ ልጆች በየጊዜው ጠቅልላ ትልካለች። የገዛ ልጇ ላይል ግን ወታደር ሆኖም ባሕር አልተሻገረም።

ምክንያቷ እሷው ናት። ባሏ ከፊተኛው ጦርነት የተመለሰው ሳንባው በመርዝ ጋዝ ተቃጥሎ ነው፤ ሲያስለው ኖሮ፣ ላይል አፉን ሳይፈታ ሞተ። ልጁ በግዴታ ለአገር ቤት ጥበቃ ሲጠራ እጁን ጨምድዳ ያዘችና፣ “ለባሕር ማዶ አልፈርምም በለኝ፤ በአባትህ አጥንት!” አለችው። ማለላት።

ታዲያ ለመሻገር የፈረመ ወታደር እጅጌው ላይ ትንሽ ምልክት አለችው። ያልፈረመው እጅጌው ባዶ ነው፤ ያየው ሁሉ እንደ ፈሪ ቆጥሮ “የቆመ ሬሳ” ይለዋል። አንድ ጊዜ ባቡር ላይ አንዲት ሴት ከላይል ጎን ከምትቀመጥ ቆማ መሄድን መረጠች። ይህንንም ለሁልዳ ነገራት።

በዚያ ዓመት ላይል የእረፍት ፈቃድ ያገኘው የቤተ ክርስቲያኑ የመከር ራት ቀን ነበር። መንደሩ በሙሉ አዳራሽ ተሰብስቦ የተርኪ ዶሮ ጥብስና የዱባ ኬክ ይበላል። ላይል ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ሁልዳ ከጨርቅ ቁራጭ ምልክቷን አስመስላ ቆረጠች፣ ጠለፈች፣ የወታደር ኮቱ እጅጌ ላይ ሰፋቻት።

“ለአንድ ራት ነው፤ ማንን ይጎዳል?” አለች ለራሷ።

ላይል ምልክቷን ልብ ሳይል ከኮቱ በላይ ካፖርቱን ደርቦ ሄደ።

አዳራሽ ገብቶ ካፖርቱን ሲያወልቅ ሽማግሌው ዶብሰን እጅጌውን ለቀም አደረጉት።

“አንተ ጎረምሳ፣ ፈርመሃላ! እኔ እኮ ይሄ ልጅ ከእናቱ ቀሚስ ሥር አይወጣም ብዬ ነበር!”

ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበ። ልጇ ጎርደን ጣሊያን ውስጥ የሞተባት ጎረቤታቸው አግነስ ሳህኗን አስቀምጣ መጣችና አቀፈችው።

“እግዜር ይጠብቅህ፣ የኔ ልጅ። እንግዲህ የጎርደንን ቦታ አንተ ያዝለት።”

ላይል እጅጌውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ መረቅ የምታወጣውን እናቱን አየ። ፊቱ ደም መሰለ።

“አልፈረምኩም፣ እትዬ አግነስ። እኔው ነኝ የሰፋሁት።”

“ምን? የልጄ ደም መጫወቻህ ነው?”

“እሱ አይደለም!” ሁልዳ ጭልፋዋን እንደያዘች ጮኸች። “እኔ ነኝ። እንዳይፈርም ያስማልኩትም እኔ ነኝ።”

አግነስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ሁልዳ፣ ለጎርደን ካልሲ ስትሠሪለት፣ በሆድሽ ‘የሷ ይሂድ፣ የኔ ይቅር’ ትይ ነበር ማለት ነው?” አለቻት።

ሁልዳ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ መለሰች። እውነት ነበራ።

መረቅ ለመቀበል የተሰለፈው ሰው ወደ ሌላዋ ሴት ድስት ዞረ። መረቋ ቀዝቅዞ እስኪረጋ ድረስ ሳህን የሚዘረጋላት ጠፋ። ኮቷን አንስታ ልትወጣ ቃጣት፤ ልጇን ለዚያ ሁሉ ዓይን ትታ የት ትሄዳለች? እዚያው ቆመች።

ላይል ክሩን በጥርሱ በጥሶ ምልክቷን ከእጅጌው ላይ ነቀለና ሳህን ይዞ ወደ እሷ መጣ።

“ከመሐላው ፈትቼሃለሁ” አለችው በሹክሹክታ። “ከእንግዲህ የመሰለህን አድርግ።”

“እሱን ነገ እናወራዋለን፣ እማዬ። አሁን ድንቹ ላይ መረቅ ጨምሪልኝ።”

ጨመረችለት። ዓይኗ ግን ከሳህኑ ቀና ማለት አቃተው።