አንድ ቤት፣ ሦስት መስመር

ጋሽ ዘአማኑኤል አዲስ ክር እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርጉት መለጠጥ ነው። ሁለቱን ጫፎች ይዘው ቀስ እያሉ ይስቡታል፤ ከዚያ ይለቁታል። ክሩ ወደ ነበረበት ርዝመት ከተመለሰ ያስቀምጡታል፤ ረዝሞ ከቀረ ወይም ከተጠቀለለ ይጥሉታል። ቀለሙንና ውፍረቱን የሚመለከቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ክሩ የሚያስፈልጋቸው ለመብራት መስመር ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ምሰሶ ላይ እየወጡ የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራቸው ከፈረሰና ከልጃቸው ከሃበን ጋር ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ቤት ከተከራዩ ወዲህ፣ የድሮውን መንገዳቸውን ጠረጴዛ ላይ በሞዴል አሳንሰው እየሠሩት ነው። አንዱ ሜትር ሁለት ሳንቲሜትር ሆኗል። ግድግዳው ካርቶን፣ ጣሪያው የለስላሳ ጣሳ፣ ምሰሶው የቀርከሃ ስንጥር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቶቹን ሠርቶ ይበቃው ነበር። እሳቸው ግን ሽቦ የሌለው ካዛንቺስ ካዛንቺስ አይመስላቸውም።

ታዲያ ለምን ላስቲክ ክር? ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ሙከራ ጠይቋል። የልብስ ስፌት ክር ከቅርብ ሲታይ ጸጉራም ነው፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይላላል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጥቅልል ላይ የኖረበትን ቅርጽ አይረሳም። ሁለቱም ቢሆኑ የሸሚዝ እጅጌ ከያዛቸው ምሰሶውን ይዘው ይወድቃሉ። ላስቲክ ክር ግን ሲነካ ይታጠፋል፣ ሲለቁት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን አንድ ጊዜ በጣቱ የሞከረ ሰው ደጋግሞ መንካት ያምረዋል።

አንድ ጉድለት አለው። ከምሰሶ ምሰሶ የሚሄደው እውነተኛ ሽቦ መሐሉ ላይ ረገብ ይላል፤ ላስቲክ አይረግብም። ስለዚህ ዋናውን መስመር ከአሮጌ ቻርጀር ገመድ ውስጥ በወጣ ቀጭን መዳብ ሠሩት። ላስቲኩን ከምሰሶ ወደየቤቱ ለሚገባው አጭር መስመር ተጠቀሙበት። የልብስ ሰፊዎቹ ላስቲክ እጅግ ወፍራም ሆነባቸው፤ በዚያ ልክ ሲታይ የሰው ክንድ ያህላል። ከሃበን የተቀደደ ስቶኪንግ እየመዘዙ ሞከሩ፤ ይሠራል፣ ግን ይጠመዘዛል። በመጨረሻ አንድ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ለመርከብና ለአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎች የሚሸጠውን ጥቁር ክር አመጣላቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ክር አልፈለጉም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመርፌ ጫፍ ትንሽ ሱፐር ግሉ ይነካና አንዱ ጫፍ ምሰሶው ላይ ይጣበቃል። ክሩ ጥቂት ብቻ ይለጠጣል፤ ከበዛ ምሰሶውን ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ያዘነብለዋል። ሌላው ጫፍ ጣሪያው ስር ይጣበቅና ትርፉ በአዲስ ምላጭ ይቆረጣል።

የጋሽ ዘአማኑኤል ችግር የተጀመረው ምላጩ ላይ ነው። ክሩን አጣብቀው ምላጭ ለማንሳት ዞር ይላሉ፤ ሲመለሱ ክሩ የለም። ሙጫ አንዳንዴ ይከዳል፤ ይህ ማንንም ሞዴል ሠሪ የሚያጋጥም ነው። እንደገና ያጣብቃሉ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠፋል።

‹‹ቀጭን ነው›› ይላሉ ለራሳቸው። ‹‹ለማንም ቀጭን ነው።››

እውነትም ቀጭን ነው። ፍርሃታቸውን የሚደብቁበት ያህል ቀጭን ነበር። የሚፈሩት የአባታቸውን ዕጣ ነው፤ አባታቸው ቄራ ይኖሩ በነበረ ጊዜ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ በአንድ ጎን ብቻ እየገጩ መጣል ጀመሩ፤ በመጨረሻ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሞቱት። ጋሽ ዘአማኑኤል ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ብርጭቆአቸውን በስተቀኝ ብቻ ማስቀመጥ ጀምረዋል። ለምን እንደሆነ ራሳቸውን አልጠየቁም።

‹‹አባ፣ በግራ በኩል ስመጣ ለምንድነው የምትደነግጠው?›› አለቻቸው ሃበን አንድ ቀን።

‹‹እንደ ድመት እየሄድሽ።››

ሳቀች። እሳቸው ግን ያን ቀን ክር አልነኩም።

አንድ እሑድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው አቶ ገለታ ከላንቻ ሊጠይቋቸው መጡ። ሻያቸውን ይዘው ጠረጴዛውን በደስታ ይዞሩት ጀመር።

‹‹ይሄ የሰፈራችሁ ሴትዮ የሎሚ ሻይ ቤት ነው አይደል?››

‹‹እሱ ነው።››

‹‹ታዲያ ሦስት መስመር ያስገባህላት ሻይ ልታፈላ ነው ወይስ ብረት ልታቀልጥ?››

‹‹አንድ ነው›› አሉ ጋሽ ዘአማኑኤል።

‹‹ሦስት ነው እንጂ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከስሩ፣ አንዱ እዚህ ጎኑ ላይ። በል እውነቱን ተናገር፣ ጎረቤት ሰርቆ የቀጠለውንም ሳትረሳ ሠርተኸዋል።››

‹‹ቀልድህን ተው፣ ገለታ።››

‹‹ስቀልድማ አንተም በቀልድ ነበር የምትመልስልኝ። ና ቁጠረው።››

ጋሽ ዘአማኑኤል ጎንበስ አሉ። አንድ ክር አዩ። ጣታቸውን ሰደዱ፤ ክሩ ታጠፈና ተመለሰ። ጣታቸው ትንሽ ዝቅ ሲል ሌላ ክር ነካቸው። ከጎኑ ደግሞ ሌላ። ሦስቱም ቀጥ ብለው ተወጥረዋል፤ ሙጫው አንድም ጊዜ አልከዳቸውም ነበር። ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ፤ ሁለት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው፤ ሁለት።

ገለታ ሳቃቸውን አቆሙ። ብርጭቆውን አስቀመጡና ከጎናቸው ቆሙ።

‹‹ዘአማኑኤል፣ ፊት ለፊት እያየህ፣ ይሄን ጣቴን ታየዋለህ?››

‹‹የቱን?››

ገለታ በግራ በኩል ዘርግተውት የነበረውን ጣታቸውን መለሱ።

‹‹ለሃበን እንዳትነግራት›› አሉ ጋሽ ዘአማኑኤል።

‹‹እኔ አልነግራትም። የምትነግራት አንተ ነህ። ነገ ጠዋት መጥቼ ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ።››

‹‹ነገ ሥራ አለኝ።››

‹‹የምን ሥራ? ለሎሚ አራተኛ መስመር ልታስገባላት?››

በማግስቱ ጋሽ ዘአማኑኤል አገጫቸውን አንድ ማሽን ላይ አስደግፈው፣ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ እጃቸው ላይ ቁልፍ ይዘው ተቀመጡ። ምርመራው ለማስረዳት ቀላል፣ ለመቀመጥ ግን ከባድ ነው። ዓይን መሐል ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ ያያል። በዙሪያው ትንንሽ ብርሃኖች እዚህም እዚያም ብልጭ ይላሉ፤ ብርሃን የታየው ሰው ቁልፉን ይጫናል። መጀመሪያ ላይ ደጋግመው ተጫኑ። ከዚያ ምንም የማይታይበት ጊዜ መጣ። ማሽኑ ግን ሥራውን አላቆመም፤ ድምፁ ይሰማቸዋል። ብርሃኑ እየበራ እንደሆነ፣ እሳቸው ብቻ እንዳላዩት ገባቸው። ጥቁር ነገር ቢያዩ ይሻል ነበር። የጠፋው ቦታ ግን ምንም አይመስልም፤ አእምሮ በዙሪያው ባለው ቀለም ይሸፍነዋል። ቁልፉን ዝም ብለው ሊጫኑት አማራቸው። አልተጫኑም።

‹‹ግላኮማ ነው›› አለቻቸው ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች። ‹‹የጠፋውን መመለስ አንችልም። የቀረውን ግን ጠብታውን በየቀኑ ካደረጉ ማቆየት ይቻላል። ለዛሬው ራስዎን ወደ ግራ ማዞር ይልመዱ። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?››

‹‹አባቴ።››

‹‹ልጆች አሉዎት?››

ጋሽ ዘአማኑኤል የሚፈራውን ሁሉ አስቀድመው የፈሩ መስሏቸው ነበር። ይህን አላሰቡትም።

‹‹አንዲት ሴት ልጅ›› አሉ።

‹‹ምንም ባይሰማትም መመርመር አለባት። በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ነገር ይተርፋል።››

ገለታ ስልኩን ደውለው አቀበሏቸው። ሃበን ካዛንቺስ ከምትሠራበት ቢሮ አነሳችው።

‹‹አባ? ደህና ነህ? በሥራ ሰዓት ደውለህ አታውቅም እኮ።››

‹‹ዓይን ሐኪም ቤት ነኝ።››

‹‹እንዴ... ማለቴ፣ ምን ሆነህ?››

‹‹የአያትሽ በሽታ ነው። አስፈቅደሽ ነይ። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ አንቺም ትታያለሽ።››



‹‹እያስፈራኸኝ ነው፣ አባ።››

‹‹አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነው ሳልነግርሽ የቆየሁት። በቃ ነይ፣ አብረን እንገባለን።››

ወጥተው ግቢው በር ላይ ቆሙ። ከየትኛው በኩል እንደምትመጣ ስላላወቁ፣ አንገታቸውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያዞሩ ሚኒባሶቹን መመልከት ጀመሩ።