ማሞቂያው ሲጠፋ የተሰማው

እንደ ፈረንጆቹ በ2023፣ በረዶ መጣል በጀመረበት ሰሞን፣ የልጄ የሶስና ቀኝ እጅ አራተኛ ጣት ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረ። አያማትም። ሹካ ስትይዝ ደህና ነው። ሃርፕሲኮርድ ስትጫወት ብቻ ይታጠፋል።

ሃርፕሲኮርድ ከፒያኖ በፊት የነበረ መሣሪያ ነው፤ ቁልፉ ሲነካ አውታሩን ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል። የተማረችውም የምትተዳደርበትም እሱ ነው። ድካም መስሏት ልምምድ ጨመረች። ትንሿ ጣትም ተከተለች።

የነርቭ ሐኪሟ ስትጫወት አይታ፣ "ጡንቻሽ ጤነኛ ነው" አለቻት። "የተምታታበት ጣቶችሽን የሚያዘው የአንጎልሽ ክፍል ነው። ፎካል ዲስቶኒያ ይባላል።"

"ትድናለች?" አልኳት።

"ወደ መድረክ ትመለሳለች ብዬ ቃል አልገባም።"

ወደ መኪናችን ተመለስን። ሶስና እጇን ጓንት ውስጥ ከተተች። እኔ "እግዚኦ" አልኩ።

ጡንቻ የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ ተወጋች፤ ጸበልም ጠጣች፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለም። የእጅ ቴራፒስቷ ሃርፕሲኮርዱን ለጊዜው እንድትተው አደረገቻትና እጇ እንደ አዲስ እንዲማር፣ ሴንት ፖል ከተማ ያሉት የሙዚቃ መምህሯ ክላቪኮርድ አዋሷት፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ጣት ሲከብደው ቃናው የሚዛባ፣ ሲለሰልስለት ብቻ የሚያዜም ሳጥን ነው። ድምፁ ከማነሱ የተነሳ ብሩክሊን ሴንተር ያለው ቤታችን ማሞቂያ ይውጠው ስለነበር፣ ለወራት ጣቶቿን አየሁ እንጂ ዜማ አልሰማሁም።

በሁለተኛው ዓመት በረዶው ሲመጣ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ "ማሚ፣ ሂተሩን ኦፍ አድርጊውና ነይ" አለችኝ።

"በዚህ ብርድ? አብደሻል?"

"ጋቢሽን ልበሻ!"

እኔ ሂተሩን ሳጠፋ እሷ ፍሪጁንም ነቀለችው።

"ማሚ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ከመሣሪያው በላይ እየጮኽሽ ነው።"

ሳቅኩ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠጋ አልኩ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ድምፅ ቀስ እያለ መጣ፤ ጣቷ ቁልፉን ሳይለቅ ሲወዛወዝ ዜማውም እንደ ጉሮሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራተኛው ጣት አልታጠፈም። ማማተብ ፈለግሁ፤ የጋቢዬ ኮሽታ እንዳይሸፍነው ፈርቼ በልቤ አማተብኩ።

ዛሬ የምትጫወተው በትንንሽ ክፍሎች፣ ተጠግተው ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። ልጃችሁ እንዲህ ከሆነባችሁ "በርቺ፣ ጨምሪ" አትበሉ፤ ሙዚቀኞችን የሚያውቅ የነርቭ ሐኪም ፈልጉ፤ አትቸኩሉ። ሐኪሞቿንና መምህሯን፣ በእነሱም እጅ የሠራውን ፈጣሪ አመሰግናለሁ።

በዚያ እሑድ ማግስት ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ክላቪኮርዱ ጋ ተቀምጣ ነበር። ሳትለምነኝ ሂተሩን አጠፋሁ። ጋቢዬን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁና በሩን ድምፅ ሳላሰማ ዘጋሁት።