ሰይድ የፈታው ቱቦ

ትእዛዙ የደረሰን ማለዳ ነበር፤ ወደ ምሥራቁ ግንባር፣ ለጦርነቱ ወደሚቀርበው አየር ማረፊያ። እኔና ሰይድ የተዋጊ ጄት ሞተር መካኒኮች ነበርን። እኔ የመካነ ሰላም፣ እሱ የአቀስታ ልጅ። ሁለታችንንም ከቀያችን ያስወጣን የወሎ ረሃብ ነው። የሰይድ እናት በዚያው ክፉ ዘመን ሞተዋል። አብዮቱ ሲፈነዳ ገና ሠልጣኞች ነበርን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጄታችን ከግዳጅ ተመለሰ። አብራሪው መቶ አለቃ ግርማ ሳል እያጣደፋቸው ወረዱ። «ዘይት ዘይት ይሸተኛል» አሉን።

ደነገጥን። የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች የሚያለሰልሰው ዘይት ከቦታው እንዳይወጣ የሚያግደው የታመቀ አየር ነው። አየሩ ከደከመ ዘይቱ ያመልጣል፤ አብራሪው ወደሚተነፍሰው አየር ይገባል፤ ኩሽኔታውም ደርቆ ይነድዳል። ከፍተን አየን። አየሩን የሚያደርሰው ቱቦ ተሰንጥቋል። መለዋወጫ አልነበረንም።

ራዲዮው ዝም አላለም። ግንባሩ ላይ አንድ ኮረብታ ላይ የተከበቡ ወገኖቻችን ድረሱልን እያሉ ይጣራሉ።

«በዚሁ እነሣለሁ» አሉ መቶ አለቃው።

«ወላሂ አይመለሱም!» አለ ሰይድ። «ከማኮብኮቢያው ማዶ የተመታው ጄት ላይ ደኅና ቱቦ አለ። አመጣዋለሁ።»

መድፍ ሜዳውን ይደበድባል። ሰይድ ከሁለት ወታደሮች ጋር ሮጠ። እኔ የተሰነጠቀውን እየፈታሁ አሁንም አሁንም ቀና እላለሁ። የተመታው ጄት ሆድ ሥር ሲገባ አየሁት። ሲወጣም አየሁት፤ ቱቦውን ይዟል። ከዚያ መድፍ አጠገባቸው ወደቀ፤ ሁሉም አቧራ ሆነ።

ሮጠን ደረስን። ሰይድ ቱቦውን ደረቱ ሥር አድርጎ ተደፍቷል።

«አልታጠፈም» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ቱቦውን ወስጄ ገጠምኩት። ሞተሩን አስነሥተን አየነው፤ ዘይቱ አላመለጠም። ጄቱ ተነሣ። ድምፁን መልሰን እስክንሰማ ማንም አልተቀመጠም። ከቀትር በኋላ ተመለሰ። ከበባው ተሰብሮ ነበር።

በዚያ ቀን ከእኛ ሦስት ሞቱ፤ ሰይድና ሁለቱ ወታደሮች።

ፈቃድ ሳገኝ ወደ ቤቴ ከማለፌ በፊት አቀስታ ወረድኩ። የሰይድ አባት ቁርአን ያስቀራሉ። ደረሶቻቸውን አሰናብተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ ምን ሲያደርግ ሞተ?»

«ለአውሮፕላን ሞተር ዕቃ ሲያመጣ፣ አባባ።»

«አብራሪውስ ተመለሰ?»

«ተመልሰዋል።»

«እናት አለችው?»

«አለቻቸው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

እናንተ ልጆች፣ ማን አሸነፈ እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እዚያ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንዳች ነገር ያሸነፍኩ አልመሰለኝም።