ሲራክ በሁዳዴ መርከብ ሲሳፈር

ሲራክ ላስ ቬጋስ ውስጥ ስትሪፕ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለው ሆቴላችን የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ በእረፍቱ ደግሞ የእኛን ሳህን ይመረምር ነበር። ሁዳዴ ከገባ በሠራተኞች ካፍቴሪያ እየዞረ «ይኼ ቅቤ አለው አይደል?» የማይለው ሐበሻ አልነበረም። እኔን በአንዲት ቁራጭ ኬክ ምክንያት ጾሙ እስኪፈታ ሲያማኝ ከርሟል።

እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ከሚስቱ ከአስካል ጋር የካሪቢያን መርከብ ጉዞ ቡክ አደረጉ። ለሌላው ቀን የሚቆጥረው ሰውዬ ለራሱ ካላንደር ሳያይ ቀርቶ ጉዞው ሁዳዴ መሀል ላይ ወደቀ።

የሆነውን የነገረችኝ አስካል ናት። መርከቡ ላይ ምግብ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ አይነሳም። እሷ በዳቦና በሰላጣ ስትውል፣ እሱ «መንገደኛ አይገደድም» ብሎ በመጀመሪያው ቀን ስቴክ አዘዘ። ከቬጋስ ሎስ አንጀለስ ስንት ጊዜ ሲነዳ መንገደኛነቱ ትዝ ብሎት አያውቅም! እዚያ ግን የሚያየው ሐበሻ የለም።

በሦስተኛው ቀን ስቴኩን እየቆረጠ ሳለ አንድ አስተናጋጅ አጠገቡ ቆመ። ጎንበስ አለና በጠራ አማርኛ፣ «ጋሼ፣ ማተብዎን አይቼ ነው። ለራሴ የሠራሁት ሽሮ አለ፤ ላምጣልዎት?» አለው።

ሲራክ አፉ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቃተው። የመለሰችለት አስካል ናት፦

«ለእኔ አምጣልኝ የኔ ወንድም። እሱ መንገደኛ ነው።»

ከተመለሰ ወዲህ ሲራክ ካፍቴሪያ አይገባም። በዚህ ሁሉ የቬጋስ ሙቀት ምሳውን የሚበላው መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቶ ነው።