ሁለት ሰው ብቻ የምትጭነው ቀይ መኪና

ዳንግላ ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ቱታዬ ገና ከሱቅ የወጣ፣ እጥፋቱ ያልለቀቀ ነበር። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ በረዳት መካኒክነት ስቀጠር በግቢው ውስጥ ሴት መካኒክ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዋናው መካኒክ ጋሽ መኩሪያ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ስለ ትምህርቴ ምንም አልጠየቁኝም። ጥግ ላይ ወደቆመች ሚኒባስ ጠቁመው «ይቺ የት ተሠራች?» አሉኝ።

የፊት አርማዋን አይቼ «ጃፓን» አልኩ።

«አርማውን ማን ጠየቀሽ? በሩን ክፈቺ።»

ስከፍት የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አሳዩኝ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተሩ ዓይነትና የተገጣጠመችበት አገር ተጽፎባታል። «መካኒክ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ይቺን ያነባል» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የመጀመሪያ ትምህርቴ ይኸው ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ለፋብሪካ የሚሰጡት ቦታ ከሌላው መካኒክ ሁሉ የተለየ ነበር። ደንበኛ መለዋወጫ ገዝቶ ሲመጣ ካርቶኑን ወዲያ ይወረውሩና ዕቃውን ያገላብጣሉ፣ ያሸታሉ፣ የታተመበትን ጽሑፍ በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። ያላመኑበትን አይገጥሙም። ደንበኛው ቢለምንም ቢቆጣም አይገጥሙም። ሲናደዱ አማርኛውን ትተው በአዊኛ ያጉረመርማሉ። ለእኔም የቤቴ ቋንቋ ስለሆነ እየሰማሁ ያልሰማሁ እመስል ነበር።

ቁልፍ ከማቀበል ተነስቼ ፍሬን፣ ከፍሬን ካምቢዮ፣ ከዚያም ሞተር ወደ ማውረድ ደረስኩ። «ረዳት» የሚለው ቃል ከስሜ ፊት ተነስቶልኝ «መካኒክ የሺ» በተባልኩ ሰሞን የአቶ ይርሳው ቀይ መኪና ወሬ ከጫግኒ መጣ።

አቶ ይርሳው የጋራዡ የድሮ ደንበኛ ናቸው። ወጣትነታቸውን የሰው የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው በኋላ እህል ነጋዴ ሆኑ። አንድ ቀን አዲስ አበባ ወርደው ያገለገለች ስፖርት መኪና ገዝተው መጡ ተባለ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ከቆመ ሰው ወገብ ብዙም የማይበልጥ። የጫግኒ ሰው በሳቅ ሞተ። «በቆሎውን ጭናቸው ላይ ሊያስቀምጡት ነው?» ይሉ ነበር ባጃጅ ነጂዎቹ።

እኔና ጋሽ መኩሪያ መኪናዋን መጀመሪያ ያየናት ተበላሽታ መንገድ ላይ ቆማ ነው። የአቶ ይርሳው ልጅ ሰላም እንጅባራ ትማር ነበር፤ የምትመረቅበት ሳምንት ነው። አባቷ በዚያች መኪና ራሳቸው እየነዱ ወደ ምረቃው ሊወስዷት ቃል ገብተውላታል። መኪናዋን አስቀድመው ሊያስፈትሹ እሷን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ዳንግላ ሲመጡ፣ አዲስ ቅዳም ከተማን እንዳለፉ ደወሉ።

«መኩሪያ፣ ድንጋይ መታኝ። ቀዩ የዘይት መብራት በራ። አጥፍቻታለሁ።»

የጋራዡን ፒካፕ ይዘን ደረስን። የተበላሸ የከሰል መኪና እዚያ ቆሞ ኖሯል። ሾፌሩ ጎማው ሥር ያስደገፈውን ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ትቶት ሄዷል። አቶ ይርሳው ከፊት ለመጣ ባጃጅ መንገድ ሲለቁ ድንጋዩ ከሆዷ ሥር ገባ። ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል።

ጋሽ መኩሪያ እንደ ልማዳቸው በሩን ከፍተው ሰሌዳዋን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ቀና ሲሉ ግንባራቸው ተቋጥሯል።

«ይርሳው፣ ይቺ ጃፓን አይደለችም። የተሠራችው ኦስትሪያ ነው።»

የአቶ ይርሳው ፊት ተለዋወጠ። «አርማው የጃፓን አይደለም እንዴ? የሸጠልኝም ሰው ጃፓን ነው ያለኝ። እኔም ለጫግኒ ሰው ሁሉ ያወራሁት ይህንኑ ነው። አታለለኝ በለኛ!»

ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ፤ እንደ ዕድል ኔትወርክ ነበር። ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ስፖርት መኪና በብዛት ስለማይሸጥ፣ ባለ አርማው ኩባንያ አንዳንዴ የራሱን ፋብሪካ አያቋቁምለትም። ሞተሩን ከሌላ ኩባንያ ወስዶ፣ መገጣጠሙን በሌላ አገር ላለ ፋብሪካ ይሰጣል። ማጭበርበር የለበትም፤ በውል የሚሠራ ነው።

«ፈረስ ስትገዛ የት እንደተወለደ ትጠይቅ የለ?» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአቶ ይርሳው። «አርማው የሌላ፣ ሞተሩ የሌላ፣ ፋብሪካው የሌላ። እንዲህ ያለ ነገር እኔ አልወድም።»

«አባቴ ፈረስ ሲገዙ እግሩን ነበር የሚያዩት» አሉ አቶ ይርሳው። ድምፃቸው ግን የቀዘቀዘ ነበር።

ይህን ጊዜ ሰላም ጣልቃ ገባች። «አባዬ፣ እኔ የት ነው የተወለድኩት?»

«ዳንግላ፣ ሆስፒታል።»

«ታዲያ የጫግኒ ልጅ አይደለሁማ?»

አቶ ይርሳው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳርፈው «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እህል ስጭን ኖርኩ መኩሪያ። ምንም የማይጫንበት መኪና መንዳት አማረኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ለልጄ ምረቃ አድርስልኝ» አሉ።

በገመድ ጎትተን ቀስ እያልን ዳንግላ አገባናት። በክሪክ አንስቼ ከሥሯ ገባሁ። ዘይቱ የሚጠራቀምበት የአሉሚኒየም ገንዳ ተሰንጥቋል። ሌላ የተነካ ነገር የለም። አቶ ይርሳው መብራቱ እንደበራ ሞተሩን ባያጠፉ ኖሮ ያለ ዘይት ተቃጥሎ ይቀር ነበር፤ የድሮ ሾፌርነታቸው አዳናት። ችግሩ ግን ገንዳው አገር ውስጥ አይገኝም፣ ምረቃውም ደርሷል።

«እናውጣውና እናስበይደው» አልኩ።

ጋሽ መኩሪያ ከመኪናዋ ራቅ ብለው ቆመዋል። «የማላውቀውን ፋብሪካ ሥራ ነክቼ ነገ ሞተሩ ቢቃጠል ማን ይጠየቃል?»

«እኔ እጠየቃለሁ።»

እሳቸውም እዚያው የጎማ ቁልል ላይ ተቀምጠው፣ አብሬያቸው በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያልነገሩኝን ነገሩኝ። ታናሽ ወንድማቸው ሾፌር ነበር። ሌላ ከተማ አዲስ የፍሬን ሸራ አስገጥሞ ወደ ጫግኒ ሲወርድ ፍሬኑ ቁልቁለቱ ላይ ከዳው። ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩ ግን አልተረፈም። «ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ የነበረው ሌላ» አሉ። «ከዚያ ወዲህ የት እንደተሠራ ሳላውቅ እጄ አይሄድም፣ የሺ።»

ተመልሼ ከመኪናዋ ሥር ገባሁና ቁልፍ ስሞክር አንዱም አልገባም። የብሎኖቹ ጭንቅላት የኮከብ ቅርጽ አለው። ይህን ስነግራቸው ተነሱና እንደገና ሰሌዳዋን አነበቡ፣ ሞተሩን ጎንበስ ብለው አዩና «ሞተሩ የአውሮፓ ነው» ብለው ወጡ። ሲመለሱ የአውሮፓ የጭነት መኪና ከሚጠግን ጓደኛቸው ዘንድ ሙሉ የኮከብ ቁልፍ ተውሰው መጥተዋል።

«ሞተሩ የጃፓን ቢሆን ኖሮ ይህን ቁልፍ አልፈልግም ነበር» አሉ። «የት እንደተሠራ ማወቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።» እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ከጎኔ ገቡ።

ገንዳውን አውርደን እንጅባራ ወዳለ፣ አሉሚኒየም በአርጎን ጋዝ ወደሚበይድ ባለሙያ ወሰድነው። አስናቀ ይባላል። የወተት ማጓጓዣ ጋንና የጭነት መኪና ራዲያተር ሲበይድ የሚውል ሰው ነው። ገንዳውን ተቀብሎ ለብርሃን እያዞረ «ይሄ ደግሞ የምን አገር ነው?» አለ።

መልሱን ልሰጠው አፌን ስከፍት ጋሽ መኩሪያ ቀደሙኝ።

«አሉሚኒየም ነው። አገሩን ተወው።»

ዘወር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ግን ስንጥቁን እንጂ እኔን አላዩኝም።

አስናቀ በቤንዚን ደጋግሞ አጠበው። ዘይት የቀረበት አሉሚኒየም ሲበየድ አረፋ ይቋጥራል። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በስቶ ወደፊት እንዳይሄድ አደረገ፣ አሙቆ በየደው፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተወው። ጋሽ መኩሪያ ናፍጣ ሞልተው ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጡት። ናፍጣ ዘይት የማያልፍበትን ቀዳዳ ያልፋል። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ሲያዩ ለአስናቀ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእሳቸው ትልቅ ምስጋና ያ ነበር።

ዳንግላ ተመልሰን የገንዳውን መጋጠሚያ ጠርገን፣ ሲሊኮን ቀብተን፣ ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አጠበቅን። አቶ ይርሳው ግቢው ውስጥ ይንቆራጠጣሉ። «ዘይቱን ለምን አትጨምሩም?» ይላሉ በየደቂቃው።

«ሲሊኮኑ ይድረቅ። ልጅህ እስክትመረቅ ዓመታት ጠብቀህ የለ እንዴ!» አሏቸው ጋሽ መኩሪያ።

በማግስቱ ለሞተሩ የሚስማማውን ዘይት ሞልተን አስነሳናት። ቀዩ መብራት ጠፋ። በግቢው የነበረ ሁሉ ቁልፉን ጥሎ ድምጿን ሊሰማ መጣ። አቶ ይርሳው መሪውን እንደያዙ ቁጭ ብለው ቀሩ። ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ለምረቃው እኔንና ጋሽ መኩሪያን ጋበዙን። ሰላም ጋዋኗን ለብሳ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ደረሰች። እናቷ በሚኒባስ መጥተው ኖሮ «ልጄ ትመረቃለች፣ እኔ ደግሞ በሰው ጭን ላይ እመጣለሁ!» እያሉ ወረዱ። ሲመለሱ ግን እሳቸው በቀይዋ መኪና ገብተው ሰላም ከነጋዋኗ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ከመሄዳቸው በፊት የሆነው ግን ከዓይኔ አይጠፋም። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሳ ጋሽ መኩሪያን አጣኋቸው። ስፈልጋቸው መኪና ማቆሚያው ላይ አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው፣ አንድ ጉንጫቸውን ከአስፋልቱ አስጠግተው ተኝተዋል። ከመኪናዋ ሥር እያዩ ነው። ተነስተው አቧራቸውን አራገፉ።

«ጠብታ የለም» አሉ። «ጥሩ መኪና ናት።»

ዛሬ እንጅባራ ውስጥ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ወጣት መካኒኮች የትኛው አገር ፋብሪካ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። የምመልስላቸው አጭር ነው። የተሠራችበትን ቦታ አንብቡ፤ ትክክለኛውን ቁልፍ፣ ዘይትና መለዋወጫ የምታገኙት በዚያ ነው። ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ የሚያቆያት ግን የሚነዳትና የሚጠግናት ሰው ነው።